ለማያውቃችሁ ሰው የሚዘጋጀው ክፍል፦ የፖድካስት ትሬይለርና አድማጭ የማፍራት ሥራ

ባሕር ዳር ውስጥ ፖድካስት የጀመሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ክፍሎቹን ተጠንቅቀን እናዘጋጃለን፤ በቀናቸው እንለቃቸዋለን፤ የሚያዳምጡን ግን ያው ጓደኞቻችንና ዘመዶቻችን ናቸው። ሌላውን ሰው በምን እናግኘው?» ሥራቸውን ሰምቼዋለሁ፤ ብዙው ጥሩ ነው። ስለ ጣና፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት፣ ስለ ጤና ከልባቸው የሚያወሩ ልጆች ናቸው። የጎደላቸው ስማቸውን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ታስቦ የተዘጋጀ አንድ አጭር ቅጂ ነው። ይህ ቅጂ ትሬይለር ይባላል።

ትሬይለር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ እስከ ሁለት ደቂቃ የሚዘልቅ፣ ፕሮግራሙ ስለ ምን እንደሆነና ሰው ለምን ጊዜውን ሊሰጠው እንደሚገባ በራሱ በፕሮግራሙ ድምፅ የሚያሳይ ቅጂ ነው። ከሌሎቹ ክፍሎች የሚለየው በማጠሩ ብቻ አይደለም። ሌሎቹ ክፍሎች የሚዘጋጁት እናንተን መርጦ ለመጣ ሰው ነው፤ እሱ ትንሽ ይታገሣል፣ ጨዋታው እስኪሞቅ ይጠብቃል። ትሬይለሩ የሚደርሰው ግን ሌላ ነገር እየሠራ ላለ፣ ምንም ዕዳ ለሌለበት ሰው ነው። ይህን ልዩነት አጥብቆ የያዘ አዘጋጅ ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ አብዛኛውን ራሱ ይደርስበታል።

መተግበሪያዎቹ ትሬይለርን እንዴት ያውቁታል?

ፖድካስት የሚሰራጨው አርኤስኤስ በሚባል የጽሑፍ ፋይል አማካይነት ነው። ድምፁ በአንድ አስተናጋጅ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። የአርኤስኤሱ ፋይል ደግሞ የፕሮግራሙን ስም፣ የእያንዳንዱን ክፍል ርዕስና መግለጫ፣ የወጣበትን ቀንና ድምፁ የሚገኝበትን አድራሻ ይዘረዝራል። በስልካችን ላይ ያሉት የፖድካስት መተግበሪያዎች ይህን ዝርዝር እያነበቡ አዲስ ክፍል መውጣቱን ያውቃሉ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2005 ፖድካስትን አይቲዩንስ ውስጥ ካስገባ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ሁሉ እኩል ነበር፤ የሰላሳ ደቂቃው ቃለ መጠይቅም፣ የአንድ ደቂቃው ማስተዋወቂያም «ክፍል» ተብለው ይደረደሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 አፕል አዘጋጁ እያንዳንዱን ቅጂ ሙሉ ክፍል፣ ትሬይለር ወይም ተጨማሪ ብሎ የሚለይበትን ምልክት አመጣ።

ጥቅሙ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ግን አይጠቀምበትም። ቅጂው ትሬይለር ተብሎ ከተመዘገበ አፕል ፖድካስትስ በፕሮግራሙ ገጽ ላይ ጎልቶ እንዲታይ ያደርገዋል። ካልተመዘገበ እንደ ማንኛውም ክፍል በቀኑ ቅደም ተከተል ወደ ታች እየወረደ ይሄዳል፤ ሃያ ክፍል ካወጣችሁ በኋላ የሚመጣ እንግዳ እሱን ፍለጋ ገጹን እስከ ታች አይወርድላችሁም። ምልክቱን ለማድረግ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም። በአስተናጋጁ ድርጅት ገጽ ላይ ክፍሉን ስትጭኑ የክፍሉን ዓይነት የሚጠይቅ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ መምረጥ ብቻ ነው። የምዕራፍ ቁጥር ከሰጣችሁት የዚያ ምዕራፍ ትሬይለር ይሆናል፤ ቁጥር ካልሰጣችሁት ደግሞ የመላው ፕሮግራም።

ሌላም አለ። አፕል አንድን ፕሮግራም ተቀብሎ ለማውጣት ቢያንስ አንድ ቅጂ ይፈልጋል፤ ትሬይለር ለዚህ ይበቃል። ምዝገባው ታይቶ እስኪጸድቅ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ሙሉ ክፍል ከመውጣቱ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ትሬይለሩን ማስገባት አድራሻችሁ ተከፍቶ እንዲጠብቃችሁ ያደርጋል። የመጀመሪያው ክፍል በወጣበት ቀን «ስፖቲፋይ ላይ አለ፣ አፕል ላይ ገና ነው» እያሉ ለሰው ማስረዳት አይኖርም።

በዩቲዩብ የምትሠሩ ከሆነ መንገዱ የተለየ ነው። አርኤስኤስ ሳያስፈልግ፣ ቻናሉ ገና ሰብስክራይብ ላላደረገ ጎብኚ ብቻ የሚያሳየውን ቪዲዮ ለብቻ የምትመርጡበት ቦታ አለ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ መልእክቱን ከላይ ሰክቶ ማቆየት ነው። ሦስቱም ቦታዎች የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ እንግዳው መጀመሪያ የሚያገኘው ትሬይለሩን እንዲሆን ያደርጋሉ።

መቼ ይሠራል?

እዚህ ላይ ከብዙዎች ልማድ ጋር አልስማማም። ብዙ አዘጋጅ ፕሮግራሙን ከማሰቡ ወዲያው ማይክሮፎን ፊት ቁጭ ብሎ ስለሚሠራው ሥራ ያወራል፤ «አዝናኝና አስተማሪ ዝግጅት ይዘን ልንመጣ ነው» ይላል። እንዲህ የሚለው ሌላ የሚለው ስለሌለው ነው፤ ገና ምንም አልተቀዳም። ሦስት ወይም አራት ክፍል ቀድታችሁ ጨርሱ፤ ከዚያ በኋላ ትሬይለሩን ከተቀዳው ቅረጹ። ያን ጊዜ በእጃችሁ የሰው ድምፅ አለ፣ ሳቅ አለ፣ አንድ ሰው ድንገት ዝም ያለበት ቅጽበት አለ። ይህ ሁሉ «አስተማሪ» ከሚለው ቃል በላይ ያስረዳል። ፕሮግራሙ የሚወጣው ትሬይለሩን ተከትሎ ስለሆነ ለአድማጩ የሚታየው ቅደም ተከተል አይለወጥም፤ የሚለወጠው የእናንተ የሥራ ቅደም ተከተል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች

የእኛ ትሬይለሮች በጣም የሚደክሙት መጀመሪያቸው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ደግሞ የሚከበር ነው። በእኛ ዘንድ ሰላምታ ሳይሰጡ ወሬ መጀመር ነውር ነው። ሬዲዮውም ያስለመደን ይህንኑ ነው፤ «ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ እኔ አዘጋጃችሁ እገሌ ነኝ፣ ከጎኔ ደግሞ…» እየተባለ ግማሽ ደቂቃ ያልፋል። ቤቱ ሬዲዮ ለከፈተ ሰው ይህ ክብር ነው፤ ይዘቱን አስቀድሞ መርጦታልና ይወደዋል። በስልኩ ላይ ጣቱን እያንሸራተተ ላለ ሰው ግን ስለ ምን እንደምታወሩ ሳይሰማ ያለፈበት ግማሽ ደቂቃ ነው።

ሰላምታው ይጥፋ አልልም፤ ቦታው ይለወጥ። አድማጩ መጀመሪያ የሚያቆመውን ድምፅ ይስማ፣ ሰላምታው ከዚያ ይምጣ። ሁለተኛው ቦታ ላይ ሲመጣ እንዲያውም ይሞቃል፤ ሰላም የሚባለው ሰው አሁን ቆሞ እየሰማ ነውና።

በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ስለ ጣና ዳርቻ ሰዎች የሚያወራ ፖድካስት አዘጋጅታችኋል እንበል። አራት ክፍል ተቀድቷል፤ ከታንኳ ሠሪ፣ ከዘጌ ቡና አምራች፣ ዓሣ ከምትሸጥ እናት፣ ከደምቢያ በኩል ካለ ዓሣ አጥማጅ ጋር። ትሬይለሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል።

ቃል የለም። የደንገል እስር ሲጠብቅ የሚያሰማው ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ፣ ከበስተኋላው የውሃው ዳር። አራት ሰኮንድ። ከዚያ የአዘጋጇ ድምፅ፦ «አባባ፣ ይህች ታንኳ ምን ያህል ጊዜ ታገለግላለች?» ሽማግሌው ሥራቸውን ሳያቋርጡ፦ «ደንገሉ ውሃ እስኪጠግብ ነው፣ ልጄ። ከጠገበማ ማን ያነሳታል። ሌላ እናስራለን።» አጭር ዝምታ። አዘጋጇ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የምንኖር ሁላችን እነዚህን ታንኳዎች ከሩቅ አይተናቸዋል። ከሚያስሯቸው ሰዎች ጋር ቁጭ ብለን የተጨዋወትን ግን ጥቂት ነን።» ቀጥሎ ሦስት ድምፆች፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ። ዓሣ ሻጯ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ገበያው በጾም ወራት እንዴት እንደሚለወጥ ስትናገር፤ የዘጌው ገበሬ ቡናው ለምን በዛፍ ጥላ ሥር እንደሚያድግ ሲያስረዳ፤ ዓሣ አጥማጁ እምቦጭ መረቡን ሲይዘው ያለውን ቁጭት ሲገልጽ፤ የእሱ ዐረፍተ ነገር ሳያልቅ ይቆረጣል። መጨረሻ ላይ የፕሮግራሙ ስም፣ «በየዓርብ ማታ አንድ የጣና ሰው» የሚል አንድ መስመር፣ እና አንድ ትእዛዝ፦ «ቴሌግራም ላይ በዚህ ስም ፈልጉን።»

ይህ ሁሉ ወደ ሰባ አምስት ሰኮንድ ነው። ልብ በሉ፤ ስለ አዘጋጇ የትምህርት ደረጃ፣ ስለ ቡድኑ አመሠራረት፣ ስለ ፕሮግራሙ ዓላማ አንድም ቃል የለም። መናኸሪያ የቆመ ረዳት የመኪናውን ታሪክ አይናገርም፤ «ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ጎንደር!» ብሎ መድረሻውን ይጣራል፤ ተሳፋሪው የሚሄድበትን ሲሰማ ይሳፈራል። የእናንተም አድማጭ መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው የት እንደምትወስዱት ነው።

የተቆረጠው ዐረፍተ ነገር ላይ ጥቂት ልጨምር። አድማጭን ወደ ሙሉው ክፍል የሚያሻግረው መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው። ትሬይለሩ ውስጥ ጥያቄውንም መልሱንም ከሰጣችሁት አመስግኖ ይሄዳል። ነገር ግን የሚቆረጠው ነገር በእርግጥ በክፍሉ ውስጥ መኖር አለበት። ዓሣ አጥማጁ ስለ እምቦጭ የተናገረው በክፍሉ ውስጥ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ከሆነ በትሬይለሩ ትልቅ ነገር አስመስሎ ማቅረብ አድማጩን አንድ ጊዜ ያመጣዋል፣ ሁለተኛ ግን አይመልሰውም።

ስለ ርዝመትም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የውጭ መመሪያዎች «በደቂቃ አንድ መቶ ሃምሳ ቃል ጻፉ» ይላሉ፤ ይህ ልክ ለእንግሊዝኛ ነው። የአማርኛ ቃል ብዙ ነገር ተሸክሞ ስለሚሄድ ይረዝማል፤ በዚያ ልክ የተጻፈ አማርኛ በደቂቃ ውስጥ ሊነበብ ቢሞከር ትንፋሽ ያሳጥራል። ቃል አትቁጠሩ፤ ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ሰዓት ያዙ።

ትእዛዙ አንድ ይሁን

«ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ የደወሉንም ምልክት ተጫኑ፣ ሐሳባችሁንም ጻፉልን።» አምስት ነገር በአንድ ትንፋሽ። አንድም ክፍል ላልሰማ ሰው ሐሳብህን ጻፍ ማለት ጊዜው አይደለም፤ ሐሳብ ገና የለውም። በትሬይለር መጨረሻ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ እሱም ሰውየው ባለበት ቦታ ሊያደርገው የሚችለው። ቲክቶክ ላይ የሚወጣው ቅጂ ወደ ቴሌግራም ቻናሉ ይምራ፤ አፕል ፖድካስትስ ላይ የሚቀመጠው ደግሞ «ተከተሉን» ብቻ ይበል፤ እዚያ ያለ ሰው ሌላ መተግበሪያ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት የለውም። መጨረሻዋን አምስት ሰኮንድ ለየቦታው ለየብቻ መቅዳት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ድምፁ በየትኛው ስልክ ይሰማል?

ትሬይለሩን በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አስተካክላችሁ ስትጨርሱ በአንድ ርካሽ ስልክ ድምፅ ማጉያ፣ ደጅ ወጥታችሁ፣ ባጃጅ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ስሙት። አድማጫችሁ የሚሰማው እንዲህ ነው። የስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣውም፤ ስለዚህ መክፈቻችሁ ከበሮ ከሆነ ጉምጉምታው ይጠፋና ቀጭን ኳኳታ ብቻ ይቀራል። ዋሽንት ወይም ማሲንቆ በዚያው ስልክ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። ንግግር ከሙዚቃ ጋር ሲደራረብም በጆሮ ማዳመጫ የተለየው ቃል በስልክ ላይ ይደበላለቃል፤ ሰው በሚናገርበት ጊዜ ሙዚቃውን ከምታስቡት በላይ ዝቅ አድርጉት።

የድምፅ ከፍታውም መለኪያ አለው። አፕል ለፖድካስት የሚመክረው ልክ ከዜሮ በታች 16 (-16 LKFS ወይም LUFS ተብሎ የሚጻፈው) ሲሆን፣ መለኪያው በብዙ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ውስጥ ላውድነስ በሚል ስም ይገኛል። ትሬይለሩና ሙሉዎቹ ክፍሎች በአንድ ልክ ካልተስተካከሉ አድማጩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ወይ ይደነግጣል ወይ ድምፅ ለመጨመር ስልኩን ያነሣል።

የፋይሉ መጠን በእኛ አገር ቀላል ጉዳይ አይደለም። ንግግር በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር)፣ በሰኮንድ 64 ኪሎቢት ቢዘጋጅ ለጆሮ ይበቃል። በዚህ ልክ አንድ ደቂቃ ተኩል 720 ኪሎባይት ያህል ነው፤ ግማሽ ሰዓት ደግሞ ወደ 14 ሜጋባይት ተኩል ይጠጋል። ማለትም አንድ ሙሉ ክፍል የሚወስደው ዳታ ሃያ ትሬይለር ያወርዳል። ጥቅል እየቆጠበ የሚገዛ ተማሪ 14 ሜጋባይት ከማውጣቱ በፊት ቢያመነታ አይፈረድበትም፤ ትሬይለሩ ከአንድ ሜጋባይት በታች በሆነ ዋጋ እንዲወስን ያስችለዋል። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ መቆየቱንም አንርሳ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ የሚያልፍ ትንሽ ፋይል ያለው አዘጋጅ ድምፁ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

የሰው ድምፅ፣ የሰው ዜማ

ትሬይለር ከክፍሉ ይበልጥ በሰው እጅ ስለሚዞር ከክፍሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሽማግሌው ለአንድ ሰዓት ካወሩት ውስጥ አሥር ሰኮንድ ቆርጣችሁ ስታወጡ የቀረው ሃምሳ ዘጠኝ ደቂቃ አብሮ አይሄድም። «ሌላ እናስራለን» ያሉት በኩራት ከሆነ በሐዘን ሙዚቃ ውስጥ አታስገቡት። ከመልቀቃችሁ በፊት ለባለ ድምፁ አሰሙት። ይህን የምለው ለሕግ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ድምፁ የእሳቸው ነው፤ ልጃቸው ከሌላ ሰው ስልክ ሲሰማው መልሶ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው።

በሙዚቃ በኩል ሕጉ ግልጽ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። «አጭር ነው፣ አሥር ሰኮንድ ብቻ ነው» የሚለው ክርክር ፈቃድ አይሆንም፤ ዩቲዩብም ዜማውን በራሱ ዘዴ አውቆት ቪዲዮውን ሊያግድባችሁ ይችላል፤ ትሬይለር ደግሞ እንዳይታገድ የሚፈለግ የመጀመሪያው ፋይል ነው። የባሕር ዳር ልጅ ከሆናችሁ ዋሽንት ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ሰው አታጡም፤ ክፈሉትና በጽሑፍ ፈቃዱን ያዙ። ከደሴቶቹና ከዘጌ ገዳማት የተቀዳ ዜማ ሲሆን ደግሞ አስተዳዳሪዎቹን አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው፤ ለጸሎት የተዜመን ለማስተዋወቂያ መጠቀም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነውና።

እንግዳው ወዳለበት መውሰድ

በራሳችሁ ገጽ ላይ ብቻ የተቀመጠ ትሬይለር የሚሰሙት ገጻችሁን ቀድመው ያገኙት ናቸው። አድማጭ የሚያበዛው ትሬይለሩ የሌላ ሰው አድማጭ ወዳለበት ሲሄድ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ መለዋወጥ ነው፤ ከእናንተ ጋር የማይፎካከር ግን የአድማጩ ጠባይ የሚመሳሰል ፕሮግራም ትመርጣላችሁ፤ የእናንተን ትሬይለር በእነሱ ክፍል መካከል፣ የእነሱን በእናንተ ታሰማላችሁ። ይህ ዘዴ የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እዚያ ያለው ሰው ፖድካስት ማዳመጥን ለምዷል፤ ስለ ፖድካስት ምንነት ማስረዳት አያስፈልግም። በተጨማሪም የሚያምነው አዘጋጅ ስለ እናንተ አንድ ቃል ሲናገር ከፋይሉ በላይ ይመዝናል፤ ስለዚህ ትሬይለሩን ላኩና «ሰምቻቸዋለሁ፣ ወድጄዋለሁ» የሚል የራሱን አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጨምር ጠይቁት፤ በእርግጥ ሰምቶ ከወደደው ብቻ። የጣናው ፕሮግራም ስለ ምግብ፣ ስለ ጉዞ ወይም ስለ አካባቢ ጥበቃ ከሚያወራ ፕሮግራም ጋር ይስማማል። የአድማጫችሁ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም አትፈሩ፤ ትናንሽ ፕሮግራሞች እርስ በእርስ ቢለዋወጡ ሁለቱም ያተርፋሉ።

ቴሌግራም ላይ ትሬይለሩን በድምፅ መልእክት መልክ ከመላክ በኤምፒ3 ፋይልነት መላክ ይሻላል። የድምፅ መልእክት ሰው ለሰው ሲያስተላልፈው የፕሮግራሙን ርዕስ ይዞ አይሄድም። ኤምፒ3 ፋይሉ ግን ውስጡ የተጻፈውን ርዕስና የፕሮግራም ስም፣ ካስገባችሁበትም ሥዕሉን፣ ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት እነዚህን ሙሉ። ቲክቶክና ዩቲዩብ ሾርትስ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ድምፅ ዘግቶ ስለሚያይ ንግግሩን በትልቁ የግእዝ ፊደል ከታች ጻፉት።

የጽሑፍ መግለጫውም እንግዳ ያመጣል፤ እዚህ ላይ የእኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። ለብዙ የፍለጋ ሥርዓት «ሀ» እና «ሐ»፣ «አ» እና «ዐ» የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። አንዱ «ባህር ዳር» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ባሕር ዳር»፤ አንዱ «አባይ»፣ ሌላው «ዓባይ»። በርዕሱ ላይ ትክክል ነው የምትሉትን ተጠቀሙ፤ በመግለጫው ውስጥ ግን ሌላውንም አጻጻፍ፣ የላቲኑንም ጭምር፣ አስገቡ። በአርኤስኤሱ ላይ የቋንቋ ምርጫውን አማርኛ ማድረግም አትርሱ፤ ብዙ የአማርኛ ፕሮግራም እንግሊዝኛ ተብሎ ተመዝግቦ ይቀራል።

ከስልኩ ውጭም ቦታ አለ። ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚሄዱ ሰዎች ጀልባ እስኪሞላ በሚጠብቁበት ወደብ፣ በሐይቁ ዳር ባሉ ቡና ቤቶች፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ኪውአር ኮድ ያለበት ወረቀት መለጠፍ ይቻላል፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ። ወረቀቱ በቀጥታ ወደ ትሬይለሩ ይውሰድ። የጀልባ ወደቡን የምወደው ሰው እዚያ ስልኩን ይዞ የሚጠብቅበት ጊዜ ስላለው ነው፤ ጀልባው ከተነሣ በኋላ ግን ሞተሩ ማንንም አያሰማም።

ቀንና ሰዓት

ትሬይለሩ ውስጥ «በቅርቡ ጠብቁን» ካላችሁ ፕሮግራሙ በጀመረ ማግስት አርጅቷል። በስድስተኛው ወር የሚመጣ እንግዳ «በቅርቡ» ሲል ይሰማና ገና አልተጀመረም ብሎ ይሄዳል። «በየዓርብ ማታ» ማለት ግን ከመጀመሩ በፊትም በኋላም እውነት ነው። ቀን መጥራት ግድ ከሆነ ያን ቅጂ ለማስጀመሪያው ሳምንት ብቻ ተጠቀሙበትና ቀን የሌለበትን ተኩለት።

የአስተናጋጆቹ ሰዓት ደግሞ የእኛ አይደለም። የሚለቀቅበትን ሰዓት ስትሞሉ ገጹ የሚጠብቀው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት እንዲወጣ የምትፈልጉት ክፍል 20፡00 ተብሎ መሞላት አለበት፤ የገጹ የሰዓት ቀጠና አዲስ አበባ መሆኑንም አረጋግጡ። ትሬይለሩ «ማታ» ብሎ ቃል ገብቶ ክፍሉ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን አድማጮች ያሳዝናል፤ እነዚህ ደግሞ ማሳዘን የማይገባቸው ናቸው።

ሠራ ወይስ አልሠራም?

የወረደበት ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ የወረደ ሁሉ አልተሰማም። ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው ሰው የት ላይ እንዳቋረጠ ነው፤ አፕል፣ ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ለፕሮግራሙ ባለቤት ይህን በመስመር ሥዕል ያሳያሉ። መስመሩ በመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች ከወደቀ መክፈቻው አልያዘም፤ እስከ መጨረሻው ሄዶ ተከታይ ካልጨመረ ደግሞ ችግሩ ትእዛዙ ላይ ወይም ፕሮግራሙ ለእነዚያ ሰዎች ባለመሆኑ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሰው ከየት እንደመጣ ነው። ለዚህ ቴሌግራም ጥሩ መሣሪያ ይሰጣል፤ የቻናል ባለቤት ለአንድ ቻናል ብዙ የግብዣ ሊንክ ማውጣት፣ ለእያንዳንዱ ስም መስጠትና በእያንዳንዱ ስንት ሰው እንደገባ ማየት ይችላል። አንዱን ለቲክቶክ፣ አንዱን ለጀልባ ወደቡ ወረቀት፣ አንዱን ለተለዋወጣችሁት ፕሮግራም ስጡ። ከአንድ ወር በኋላ ጊዜያችሁን የት ማዋል እንዳለባችሁ ቁጥሩ ይነግራችኋል። በእኔ ግምት ከወረቀቱ የሚመጡት በቁጥር ያንሳሉ፤ ግን የአካባቢው ሰዎች ስለሆኑ ለቀጣይ ክፍል እንግዳ የሚጠቁሟችሁ እነሱ ናቸው፤ ስለዚህ ትንሽ ቁጥር አይታችሁ ወረቀቱን አታውርዱ።

ትሬይለሩ በየምዕራፉ፣ ቢያንስ ደግሞ ፕሮግራሙ መልኩን ሲለውጥ ይታደሳል። አዲሱን በአሮጌው ፋይል ላይ ከመተካት እንደ አዲስ ቅጂ ጫኑት፤ መተግበሪያዎች አንድን ክፍል የሚያውቁት በመለያው ስለሆነ ፋይሉ ብቻ ሲቀየር አሮጌውን ያወረደ ስልክ አዲሱን ላያመጣ ይችላል። ከዚያ አሮጌውን ከአርኤስኤሱ አውጡት። በቴሌግራም ከሰው ወደ ሰው የተላለፈው ቅጂ ግን መልሶ አይሰበሰብም፤ ለዓመታት ይዞራል። ስለዚህ በትሬይለሩ መጨረሻ የምትጠሩት የቻናል ስም ዛሬ የመረጣችሁት፣ ወደፊትም የማትቀይሩት ይሁን፤ የኪውአር ኮዱም ሆነ የግብዣ ሊንኮቹ ቢቀየሩ ያ ስም ሲፈለግ እናንተን ማምጣት አለበት።